ጨረር ያስፈራናል፣ ከሰል ግን አያስፈራንም፦ የኒውክሌር ቆሻሻ ስለ ፍርሃታችን ምን ያስተምረናል?

 

ወደ ዛሬው ትምህርት ከመግባታችን በፊት አንድ ትንሽ ሙከራ እንሥራ። የሚከተሉትን አምስት ነገሮች በጣም ከሚያስፈራችሁ ጀምራችሁ በልባችሁ ደርድሯቸው።

👉 ከምትኖሩበት ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ከመሬት በታች የተቀበረ የኒውክሌር ቆሻሻ
👉 በዝግ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል
👉 የደረት ራጅ
👉 ያለ ደህንነት ቀበቶ በመኪና መሄድ
👉 ሲጋራ

ደረደራችሁ? የኒውክሌር ቆሻሻውን ከላይ ካስቀመጣችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። በዓለም ላይ ብዙ ሰው እንደዚያው ያደርጋል። የሚገርመው ግን ከአምስቱ ውስጥ ከሰሉ፣ መኪናው እና ሲጋራው በየቀኑ ሰው ይገድላሉ።

ታዲያ ሰው ለምን የሚገድለውን ትቶ ሌላውን ይፈራል? አላዋቂ ስለሆነ ነው? አይደለም። ተመራማሪዎች ይህንን ጥያቄ ከ50 ዓመት በላይ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ብዙ የተማሩበት ጉዳይ ደግሞ የኒውክሌር ቆሻሻ ነው። «እኛ አገር የኒውክሌር ማመንጫ የለም፣ ምን አገባን?» እንዳትሉ። ይህ ፍርሃት ራጅ ክፍል በር ላይም፣ የካንሰር ሕክምና ላይም፣ እርጉዝ ሴት ላይም ይመጣልና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ተመራማሪዎቹ ምን አገኙ?

በ1969 ቾንሲ ስታር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው የሚገቡበትን አደጋ፣ ያለ ፈቃዳቸው ከሚጫንባቸው አደጋ ጋር ሲያነጻጽሩ እስከ 1,000 እጥፍ ድረስ እንደሚታገሡት ገመተ። በቀላሉ ስናስቀምጠው፦ በገዛ እጄ የማጨሰው ሲጋራ አያስጨንቀኝም፣ ጎረቤቴ በሬ ላይ የሚያቃጥለው ፕላስቲክ ግን ያናድደኛል።

ቀጥሎ ፖል ስሎቪክ እና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ሰዎችን ሰብስበው 30 ነገሮችን እንደ አደገኛነታቸው እንዲደረድሩ ጠየቁ። መኪና፣ ሲጋራ፣ ሽጉጥ፣ ራጅ፣ ዋና፣ የኒውክሌር ኃይል እና ሌሎችም ነበሩበት። ይህንኑ ጥያቄ ለአደጋ ጥናት ባለሙያዎችም አቀረቡ። ልዩነቱን ተመልከቱ፦

✅ የኒውክሌር ኃይል፦ የአንድ ሴቶች ማኅበር አባላትና የኮሌጅ ተማሪዎች 1ኛ አደረጉት። ባለሙያዎቹ 20ኛ።
✅ መኪና፦ ባለሙያዎቹ 1ኛ። ተማሪዎቹ 5ኛ።
✅ ራጅ፦ ባለሙያዎቹ 7ኛ። ሴቶቹ 22ኛ፣ ተማሪዎቹ 17ኛ።

ልብ በሉ! ኒውክሌርም ራጅም ጨረር ናቸው። ሕዝቡ አንዱን ከሚገባው በላይ ፈራ፣ ሌላውን ደግሞ ባለሙያው ከሚያስበው በታች ናቀ። ለምን? ራጅ የሚያነሳው ሐኪም ነው፣ ጥቅሙ ይታያል፣ ለምደነዋል። ኒውክሌር ሲባል ግን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሂሮሺማ ነው።

ከዚህ ጥናት በጣም የምወደው ደግሞ ይሄኛው ነው። ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ ተራ ሰዎች «በአንድ በተለመደ ዓመት በኒውክሌር ኃይል ስንት ሰው የሚሞት ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቋቸው። መልሳቸው ዝቅተኛ ቁጥር ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም ያነሰ። ይህ ማለት ሰዎቹ «ብዙ ሰው ይሞታል» ብለው ስለተሳሳቱ አይደለም የፈሩት። ጥቂት ሰው እንደሚሞት እየገመቱም ከሁሉ አብልጠው ፈሩት። ምክንያቱም እነሱ የሚያስቡት የተለመደውን ዓመት ሳይሆን አንድ ቀን ሊመጣ የሚችለውን ትልቅ ጥፋት ነው።

2. ፍርሃትን የሚያበዛው ምንድን ነው?

ስሎቪክ በ1987 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንዳስቀመጠው፣ የሰው ስጋት በዋናነት በሁለት ነገሮች ይጨምራል።

አንደኛው «አሰቃቂነት» ነው። መቆጣጠር የማንችለው፣ ያለ ፈቃዳችን የመጣብን፣ ብዙ ሰው ባንዴ ሊጨርስ የሚችል፣ ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ነገር ከሆነ ፍርሃታችን ይበዛል።

ሁለተኛው «አለመታወቅ» ነው። በዓይን የማይታይ፣ ሽታ የሌለው፣ ጉዳቱ ቆይቶ የሚመጣ፣ አዲስ የሆነ፣ ሳይንቲስቶችም የሚከራከሩበት ነገር ያስፈራናል።

አሁን የኒውክሌር ቆሻሻን በእነዚህ ሁለት መመዘኛዎች መዝኑት። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም። ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ የሚመጣውም ከዓመታት በኋላ ነው። በውስጡ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ ፕሉቶኒየም 239፣ ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱንም መመዘኛ ሙሉ ነጥብ አገኘ ማለት ነው!

ከሰሉስ? እናታችን የተጠቀመችበት፣ ቡና የምናፈላበት፣ ቤት የሚያሞቅልን ነው። ማን ይፈራዋል? ነገር ግን ከሚቀጣጠል ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝም እንደ ጨረር አይታይም፣ አይሸትም። በዝግ ክፍል ውስጥ ደግሞ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ሊጨርስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበት እና ከመሳሰሉት በቤት ውስጥ የሚፈጠረው ጭስ በ2020 ብቻ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። መልመድ ፍርሃትን ያጠፋል፤ አደጋውን ግን አያጠፋም።

3. ለመሆኑ የኒውክሌር ቆሻሻ ምንድን ነው?

አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ሦስት ቦታ ከፍለን እንየው።

✅ ቀላሉ፦ ሆስፒታልና ቤተ ሙከራ ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ነገር የነካ ጓንት፣ መርፌ፣ ጨርቅ። ለምሳሌ ለአጥንት ምርመራ የሚወጋው ቴክኒሺየም 99ኤም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በጥንቃቄ ለጥቂት ቀናት ከተቀመጠ ጨረሩ ያልቃል።

✅ መካከለኛው፦ ከማመንጫዎች የሚወጡ ያረጁ የብረት ክፍሎች፣ ማጣሪያዎች።

✅ ከባዱ፦ ማመንጫ ውስጥ የተቃጠለው ነዳጅ። በመጠን ሲታይ ከጠቅላላው ቆሻሻ ትንሹ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጨረር የተሸከመው እሱ ነው። በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰውና ከውሃ ርቆ መቀመጥ አለበት።

ለዚህ ለመጨረሻው በባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው መፍትሔ በጣም ጥልቅ በሆነ የተረጋጋ አለት ውስጥ መቅበር ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። መቅበሩን ብዙ ሰው ይስማማበታል። «የት ይቀበር?» ሲባል ግን ሁሉም «እኛ ጋ አይሁን!» ይላል።

4. ኔቫዳ፦ «እባብ ያየ በልጥ በረየ»

አሜሪካ መጀመሪያ ላይ ብዙ ቦታዎችን አጥንታ የተሻለውን ልትመርጥ ነበር ያሰበችው። በ1987 ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ሌሎቹን ቦታዎች ሰርዞ አንድ ቦታ ብቻ እንዲጠና ወሰነ፤ ኔቫዳ ግዛት ውስጥ የሚገኘው ዩካ ተራራ። ከላስ ቬጋስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኔቫዳ አንድም የኒውክሌር ማመንጫ የላትም። የሰው ቆሻሻ ተቀበይ ነው የተባለችው።

ስሎቪክ እና ባልደረቦቹ በዚያ ወቅት ሰዎችን «ከመሬት በታች ያለ የኒውክሌር ቆሻሻ ማከማቻ ሲባል መጀመሪያ ምን ቃል ወደ አእምሯችሁ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። አደጋ፣ ሞት፣ መርዝ፣ ብክለት የሚሉ ቃላት ጎረፉ። ጥሩ ነገር የተናገረ እጅግ ጥቂት ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ ዋናው ችግር የእውቀት ማነስ ሳይሆን የእምነት መጥፋት ነው የሚል ነው።

እምነቱ ለምን ጠፋ? ዩካ ተራራ የሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት ከ1951 ጀምሮ የአቶሚክ ቦምብ ሲሞክርበት ከነበረው በረሃ አጠገብ ነው። ወደ 100 የሚጠጉ ቦምቦች ከመሬት በላይ ፈንድተዋል። በነፋሱ አቅጣጫ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች «አትስጉ፣ ምንም አትሆኑም» ይባሉ ነበር። ከዓመታት በኋላ በ1990 ያው መንግሥት በካንሰር ለታመሙት ካሳ የሚከፈልበትን ሕግ አወጣ። እንግዲህ ይህንን ያየ ሰው «አሁንም አትስጉ» ሲባል እንዴት ይመን? እባብ ያየ በልጥ በረየ!

በ2002 ምክር ቤቱ የግዛቲቱን ተቃውሞ ሽሮ ፕሮጀክቱን አጸደቀ። ኔቫዳ መታገሏን ቀጠለች፤ በኋላም በኦባማ አስተዳደር ጊዜ ገንዘቡ ተቋረጠ። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት ተራራ አንድም የነዳጅ ዘንግ ሳይገባበት ቀረ።

5. በገንዘብ ቢገዛስ?

«ካሳ ስጧቸው፣ እሺ ይላሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ይህ ተሞክሯል። በ1993 ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ለማከማቻ ቦታነት በታጨች ቮልፈንሺሰን በምትባል መንደር ነዋሪዎችን ጠየቁ። «ማከማቻው እናንተ ጋ ይሁን ቢባል ትቀበላላችሁ?» ሲባሉ 51 በመቶ ገደማ «አዎ» አሉ። ያለ ምንም ክፍያ! ቀጥሎ «በየዓመቱ ካሳ ይከፈላችኋል» ተብሎ ሲጨመርበት የተቀባዮቹ ቁጥር ወደ 25 በመቶ ወረደ።

አልገባችሁም? እንዲህ አስቡት። ጎረቤት ታሞ ሌሊት ሆስፒታል አድርሱልኝ ቢላችሁ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። «ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ» ቢላችሁ ግን ቅር ይላችኋል። ሰዎቹ ሸክሙን ሊቀበሉ የነበረው እንደ ዜግነት ግዴታ አይተውት ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ነገሩ ግብይት ሆነ።

6. የተሳካላቸው ምን አደረጉ?

ፊንላንድ በዩራዮኪ ወረዳ ኦንካሎ የተባለ ዋሻ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አለት ውስጥ ቆፍራለች። ቴክኖሎጂው ድንቅ ነው፤ የተቃጠለው ነዳጅ በመዳብ ሣጥን ይታሸጋል፣ በልዩ ሸክላ አፈር ይከበባል፣ ከዚያ በአለቱ ውስጥ ይቀበራል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነበር፤ የወረዳው ምክር ቤት «አልፈልግም» የማለት ሙሉ መብት ነበረው። የፊንላንድ ፓርላማ በ2001 ያጸደቀው ወረዳው እሺ ካለ በኋላ ነው። ነዋሪዎቹም ቀድሞውኑ ማመንጫ አጠገባቸው ስላለ ነገሩን ያውቁታል።

ስዊድንም እንደዚሁ። ፎርስማርክ የተባለው ቦታ የሚገኝበት ወረዳ ሕጋዊ የመከልከል መብት ነበረው። ከብዙ ዓመት ውይይት በኋላ ተስማማ፤ መንግሥትም በ2022 ፈቃድ ሰጠ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? «አይሆንም» የማለት መብት ያለው ሰው ረጋ ብሎ ማዳመጥ ይችላል። መብት የሌለው ሰው የቀረው መሣሪያ መጮህ ብቻ ነው። ይህ ለሐኪምና ለታካሚም ይሠራል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

7. ፍርሃቱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ፦ ጎያኒያ

«ስለዚህ ጨረርን አትፍሩ» እያልኩ ነው? በፍጹም! የብራዚሏን የጎያኒያ ከተማ ታሪክ ስሙ።

መስከረም 1987 ነው። አንድ የግል የካንሰር ሕክምና ማዕከል ሲለቅ የጨረር ማሽኑን በተተወው ሕንጻ ውስጥ ጥሎት ሄደ። ሁለት ሰዎች፣ እንደ እኛ አገር ቁራሌው በሏቸው፣ ውድቅዳቂ ብረት ፍለጋ ገብተው የማሽኑን ዋና ክፍል ነቅለው ወሰዱ። ለብረታ ብረት ገዢ ሸጡት። ውስጡ 100 ግራም የማይሞላ ሲዚየም 137 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ዱቄት ነበር። በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሰው ተገረመ። ለዘመድ ለወዳጅ እየተቆነጠረ ተከፋፈለ። ቆዳቸውን የተቀቡበትም ነበሩ።

ከሁለት ሳምንት በላይ ማንም ምንነቱን አላወቀም። መጨረሻ ላይ ነገሩን የጠረጠረችው የብረት ገዢው ባለቤት ናት፤ በከረጢት አስይዛ ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ወሰደችው። የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈችው እሷ ናት፤ ራሷ ግን አልተረፈችም። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። 249 ሰዎች ላይ ብክለት ተገኘ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተዛቀ፤ 3,500 ሜትር ኩብ የሚሆን ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ተሰበሰበ። ከ100 ግራም ባነሰ ዱቄት!

እዚህ ጋ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛ፣ አደጋው የመጣው ሁሉም ከሚፈራው ማመንጫ አይደለም፤ ማንም ካልፈራው የተተወ የሕክምና ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ለሐኪም በጣም አስገራሚ ነው። ከ112,000 በላይ ሰዎች ስታዲየም ውስጥ ተሰልፈው ተመረመሩ። ከመጀመሪያዎቹ 60,000 ሰዎች ውስጥ 5,000 የሚሆኑት የጨረር ሕመም የሚመስል ምልክት ነበራቸው፤ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ የቆዳ መቅላት። እነዚህ ሰዎች ግን ምንም ብክለት አልነበረባቸውም! አልዋሹም። ትውከቱም ተቅማጡም እውነተኛ ነው። ያመማቸው ፍርሃቱ ነው። አንጎላችን ሲደነግጥ ሆድም ቆዳም አብረው ይደነግጣሉ።

መገለሉም ሌላ ሕመም ሆነ። የዚያ አካባቢ ሰው ሆቴል ተከለከለ፤ የእርሻ ምርታቸው ገዢ አጣ። የሞቱት ሲቀበሩ እንኳን መቃብሩን የተቃወሙ ሰዎች ረብሻ አስነሱ።

8. ፍርሃት ራሱ ሲገድል

በሚያዝያ 1986 ቼርኖቤል ፈነዳ። ከዚያ ርቃ የምትገኘው ግሪክ ላይ የደረሰው ጨረር አነስተኛ ነበር፤ ለአንድ ሰው በዓመት ከ1 ሚሊሲቨርት ያልበለጠ ተብሎ ተገምቷል። ይህ ከተፈጥሮ ከምናገኘው ያነሰ ነው። ነገር ግን በዚያ ድንጋጤ ውስጥ አንዳንድ ሐኪሞች ጭምር እርጉዞችን «ልጁ ጉዳት ይኖርበታል» ብለው መከሩ። በቀጣዩ ዓመት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ወደ 2,500 የሚጠጉ የተፈለጉ እርግዝናዎች በዚህ ፍርሃት ምክንያት እንደተቋረጡ ገመተ። ጨረሩ ያልነካቸውን ልጆች ፍርሃቱ ወሰዳቸው።

በ2011 ደግሞ የጃፓኑ ፉኩሺማ። ከ150,000 በላይ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ጉዳይ ሳይንሳዊ ኮሚቴ እንዳለው፣ በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ በቀጥታ ከጨረሩ የመጣ የጤና ጉዳት አልተመዘገበም። ከመፈናቀሉ ጋር በተያያዘ ግን በፉኩሺማ ግዛት ከ2,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ከአልጋ ተነስተው ያለ መድኃኒት፣ ያለ አስታማሚ በአውቶቡስ ረጅም መንገድ የተጓዙ ሕሙማን ነበሩባቸው። ሰዎቹን ማውጣት አያስፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። መሸሹም የራሱ አደጋ አለው፤ ያንን የመዘነው ግን ጥቂት ሰው ነበር ለማለት ነው።

9. ወደ ቤታችን እንምጣ

እነዚህ ታሪኮች እኛ ጋ በትንሹ በየቀኑ ይደገማሉ።

❓ «ዶክተር፣ እርጉዝ መሆኔን ሳላውቅ የደረት ራጅ ተነሳሁ። ላስወርደው?»
አይ! በፍጹም አትቸኩሉ። ከደረት ራጅ ጽንሱ ላይ የሚደርሰው ጨረር እጅግ አነስተኛ ነው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ጽንሱ ያገኘው ጨረር ከ100 ሚሊሲቨርት በታች ከሆነ በዚያ ምክንያት ጽንስ ማቋረጥ አያስፈልግም ይላሉ። የደረት ራጅ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የሆድ ወይም የዳሌ ሲቲ ስካን ከነበረ ከሐኪማችሁ ጋር መጠኑን አስልታችሁ ተነጋገሩ። ከምርመራ በፊት ግን እርግዝና ሊኖር ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሁልጊዜ ተናገሩ።

❓ «ራጅና ሲቲ ስካን ካንሰር ያመጣሉ?»
መጠኑን እንይ። በዓለም ላይ አንድ ሰው በዓመት ከአፈር፣ ከሕዋ፣ ከምግብ በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቢበዛ የሁለት ሳምንት ገደማ የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ የ4 ዓመት ያህል። ስለዚህ ሲቲ ስካን ካስፈለገ አትፍሩት፤ ካላስፈለገ ግን «ለማንኛውም ልታይ» ብላችሁ አትነሱት። ያለፈውን ፊልምና ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ምክንያት እንዳይደገም።

❓ «አልትራሳውንድና ኤምአርአይስ?»
እነዚህ የራጅ ዓይነት ጨረር የላቸውም። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ በማግኔት ነው የሚሠሩት።

❓ «እናቴ የጨረር ሕክምና ጀምራለች። ልጆቹን ላርቃቸው?»
አታርቋቸው! ከውጭ በማሽን የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ታካሚውን ራዲዮአክቲቭ አያደርግም። ማሽኑ ሲጠፋ ጨረሩም ያቆማል። አብራችሁ ብሉ፣ እቀፏት፣ ልጆቹ ጉልበቷ ላይ ይቀመጡ። ዕቃዋን መለየት፣ ክፍል መለየት ጨረርን አይከላከልም፤ ሕመምተኛዋን ብቻ ይጎዳል። ጎያኒያን አስታውሱ። ልዩነት ያለው ለእንቅርት ወይም ለታይሮይድ ካንሰር ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የዋጠ ሰው ላይ፣ እንዲሁም ራዲዮአክቲቭ ነገር ሰውነቱ ውስጥ የተቀመጠለት ሰው ላይ ነው። አዮዲኑን የዋጠ ሰው ሐኪሙ ለሚነግረው ቀናት ከሕፃናትና ከእርጉዞች ይራቅ። ለዘላለም አይደለም፤ አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል።

❓ «ጨረሩን ከምወስድ ብሞት ይሻላል» ለሚሉ
ይህንን ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት ሁለቱንም ወገን መዝኑ። የጨረር ሕክምና የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ድካም፣ የቆዳ መቃጠል፣ እንደ ቦታው ሌላም። ሕክምናውን መተውም የራሱ ጉዳት አለው፤ እሱ ደግሞ ካንሰሩ ነው። ለምሳሌ የማሕፀን በር ካንሰር ገፋ ካለ በኋላ እንኳን ብዙ ሴቶችን የሚያድነው ዋናው ሕክምና ጨረር ነው።

⚠️ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው ጥቁር ምልክት ያለበት ዕቃ፣ ወይም ከመጠኑ በላይ የሚከብድ ከሕክምና ማሽን የወጣ የሚመስል ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አትክፈቱ፣ አትሽጡ። ራቁ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠጋ አድርጉ፣ ለፖሊስና ለጤና ተቋም ወዲያው አሳውቁ።

10. ስጋትን እንዴት እንመዝን? አምስት ጥያቄዎች

በስልካችሁ «ይህንን ከበላችሁ ትሞታላችሁ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ወይም ሐኪም አዲስ ሕክምና ሲያዝላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

1️⃣ መጠኑ ስንት ነው? «ጨረር አለው» ወይም «ኬሚካል አለው» ብቻ መልስ አይደለም። ጨውም ከበዛ ይገድላል።

2️⃣ የፈራሁት ስለሚጎዳኝ ነው ወይስ አዲስ ስለሆነብኝ፣ ስለማይታየኝ?

3️⃣ ብተወውስ ምን ይመጣል? መተውም ውሳኔ ነው፤ ዋጋ አለው።

4️⃣ የነገረኝ ማን ነው? ከዚህ በፊት እውነት ነግሮኝ ያውቃል? ጉዳቱንስ ሳይደብቅ ነግሮኛል?

5️⃣ ስለለመድኩት ብቻ ችላ ያልኩት ሌላ አደጋ ቤቴ ውስጥ የለም ወይ? ከሰሉ፣ ሲጋራው፣ ያልታሰረው ቀበቶ፣ ሳይለካ የቆየው የደም ግፊት?

በመጨረሻም ለጤና ባለሙያ ወዳጆቼ

«ታካሚው አልገባውም» ብለን ማለፍ ይቀናናል። የኔቫዳ ሰዎች ገብቷቸዋል፤ ያላመኑት ግን ከዚህ በፊት የዋሻቸውን ነው። የፊንላንድ ሰዎች የተቀበሉት ስለተገደዱ አይደለም፤ መከልከል ስለሚችሉ ነው። ታካሚያችን «እምቢ» ሲለን አንቆጣ። ጉዳቱንም ጥቅሙንም በቁጥር እንንገረው፣ እንዲጠይቅ ጊዜ እንስጠው፣ ውሳኔው የእሱ መሆኑን እናሳየው። ያኔ ፍርሃቱ በመጠኑ ይሆናል።

ፍርሃት ጠላት አይደለም። እሳት እንዳንነካ የሚጠብቀን እሱ ነው። ግን እንደ መድኃኒት መጠን አለው፤ ሲያንስም ይጎዳል፣ ሲበዛም ይጎዳል።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡት። ነገ የታዘዘላችሁን ራጅ ሳትፈሩ ተነሱ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለካንሰር ታካሚ ቤተሰቦችና ለእርጉዝ እህቶቻችን ይጠቅማልና ሼር አድርጉላቸው። ይህ ትምህርት ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም።

መልካም ጤና ለሁላችን! 🙏